ሌላ ልጅ ይቁም

ጥቅምት 6

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ በሰላም ይግባ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። «ወንድሜን ልብስ ደራርብ በይልኝ፣ ሰነፍ ነው» ብላለች።

«ስልክ ላይ እንባ ይቀድመኛል፣ ደብዳቤ ጻፉልኝ» ስላሉኝ ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ልጅዎ ስለ ጭራሮ ነው። ያወጡላትን ስም ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል፤ ዘንድሮም ቁመት ጨመረች እንጂ ውፍረት የሚባል ነገር ደጃችን አልደረሰም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ስትኖር እንዲህ ስትለወጥ አይቻት አላውቅም።

መነጽር ቤት ከምሠራው ሌላ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እሷ ወደምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ተማሪዎች እንደማሠለጥን ያውቃሉ። ሥልጠና ስል ሰሌዳ ላይ መጻፍ አይደለም። አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው። ሰው ፊት ቆሞ መናገር፣ ሌላው ሲናገር ሳያቋርጡ መስማት፣ እምቢ ማለት፣ ሲያጠፉ ይቅርታ መጠየቅ፣ ቢሮ ገብቶ ጉዳይ ማስረዳት፣ ይኼንን ነው የምንለማመደው። በየሳምንቱ አንዱ ይመራል፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሕጋችን አንድ ነው፦ መሪው እስኪጨርስ እኔ ትንፍሽ አልልም። አፌ እንደማያስችለኝ ስለማውቅ ከረሜላ እጎርሳለሁ። ከረሜላው አፌ ውስጥ እስካለ ድረስ ቢሳሳቱም፣ ቢጨቃጨቁም ዝም ነው። ቆርጥሞ መጨረስ ክልክል ነው፤ ራሱ ሟሙቶ ማለቅ አለበት። በዚሁ ስሜ ከረሜላ ሆኖ ቀረ። ዘበኛው ሳይቀር «ከረሜላ መጣች» እያለ ነው በር የሚከፍትልኝ።

ጭራሮ መጀመሪያ ሰሞን ከዴስክ ጓደኛዋ ጀርባ ተሸሽጋ ነበር የምትቀመጠው። ጓደኛዋን ሳቂታ ነው የምንላት፤ ስትስቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይዞራል። ባለፈው ዓርብ የመምራቱ ተራ የጭራሮ ሆነ። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «እዚህ ግቢ ውስጥ የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ፈተና አለ፣ አንዷ ርዕሰ መምህሩን አለች፣ ተሳሳቁ። እሷ ግን «እኔን የድሮው ሕንፃ ደረጃ ያስፈራኛል» አለች። ወዲያው ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ሁሉም ይፈሩት ኖሯል።

ሦስት ፎቅ ነው። ደረጃው መሀል ላይ የሚታጠፍበት ሰፊ ቦታ አለ፣ መታጠፊያው ይሉታል። ለእረፍት ሲደወል ያ ሁሉ ተማሪ ሲንጋጋበት መታጠፊያው ከእግር ሥር ይርዳል፤ ከሥሩ ለሚያልፈው ደግሞ አቧራ ራሱ ላይ ይዘንባል። የእጅ መደገፊያው እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። እንግዲህ የዘንድሮ ሥራችን እሱን ማሠራት ይሁን ብለው ወሰኑ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ስትናገር ቢያዩ ኖሮ! ኮራሁባት። ግን ሲያልቅ በዚያው ደረጃ ስወርድ እጄን ከግድግዳው ሳላነሳ ነው የወረድኩት።

ጤናና እድሜ ይስጥልን።

የእህትዎ ልጅ

---

ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለከረሜላ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። ለእትዬ ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ በይልኝ።

አንቺ ልጅ፣ በእውነት ከረሜላ ነው ዝም የሚያሰኝሽ? ቀድሞ ቢታወቅ በልጅነትሽ በጆንያ እገዛልሽ ነበር!

ጭራሮ ሰው ፊት ቆማ ተናገረች ስትዪኝ አንጀቴ ራሰ። ደብዳቤሽን የሥራ ጓደኛዬ ፊት አነበብኩ። ቋንቋውን አያውቅም፣ ግን ፊቴን አይቶ እጄን ጨበጠኝ። ቀጥዬ ስለ ደረጃው ሳነብ ደግሞ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፣ ወንበር አመጣልኝ።

የኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው። አንሶላው በጋሪ ይወርዳል፣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ ይወጣል። ሰውየው ይዳን ይሙት የሚነግረን የለም። ትንሽ ልብስ የመጣ ቀን፣ የልጅ ካልሲ የመጣ ቀን፣ ምሳ አይወርድልኝም። እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሚነቃነቅ ደረጃ ሲነገረው እንዴት እንደሚሆን አስቢው።

ዛፍ መትከል የለም ወይ? ግቢ ማጽዳት፣ ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት፣ ስንት ነገር አለ! መሪ ትሁን፣ አልጠላሁም። ግን በሞቴ፣ ከሚነቃነቅ ነገር ራቅ ብላ ትምራ። ውጤቷንም ላኪልኝ፤ በተለይ ሒሳብ።

አጎትሽ

---

ኅዳር 25

ለምወድዎ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ስለ ጤናዎ ሁልጊዜ እንጸልያለን። የጭራሮ ሒሳብ ደህና ነው፣ አይዞዎት።

ደብዳቤዎን ለልጅቷ አነበብኩላት፤ ዛፍ ተከላውን ስትሰማ ፈገግ ብላ «ዛፉ ሥር ደረጃ የለም ማለቱ ነው» አለችኝ። ታውቅዎታለች፣ ጋሼ!

ቢሮ የመግባቱን ልምምድ ክፍል ውስጥ ደጋገሙት፤ እኔ ርዕሰ መምህሩን ሆኜ አስቸገርኳቸው። ከዚያ እሷና ሳቂታ እውነተኛው ዘንድ ገቡ። ሰውየው በደንብ አስቀመጣቸው። «ለበላይ ጽፈናል፣ በጀት እየተጠበቀ ነው። ደረጃው ደግሞ ከእኔ በፊት የቆመ ነው፣ ከእኔም በኋላ ይቆማል» አላቸው። ሳቂታ ሳቅ አመለጣት። እንግዲህ ምን ታድርግ፣ ሲጨንቃትም ትስቃለች። ሰውየው ተቆጣና አስወጣቸው።

በሳምንቱ ከመታጠፊያው ሥር ልስኑ ተገምሶ የአንድ ትንሽ ተማሪ ትከሻ ላይ ወደቀ። ልጁ ተርፏል። ልጆቹ በገመድ ዘጉት፣ ገመዱ ተበጥሶ አደረ፤ ክፍሎቹ ላይ ናቸውና ሰው በምን ይውጣ? በመጨረሻ እነጭራሮ ራሳቸው መቆም ጀመሩ። ደወል ሲደወል ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ አንዱ መታጠፊያው ላይ ይቆሙና ተማሪውን በግድግዳው በኩል አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። ሩጫ የለም። ያቺን ቀጭን ክንዷን ስትዘረጋ ትልልቁ ጎረምሳ ሳይቀር ይቆማል። መምህራኑም በሰልፍ መውረድ ጀምረዋል።

መታጠፊያው ላይ የምትቆመው እሷ ናት። «ሐሳቡ የኔ ስለሆነ ሌላ ሰው አላቆምም» አለች። ይህን ስትል ከረሜላዬ አፌ ውስጥ ነበር። ልናገር ብዬ ጉሮሮዬ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ሕግ ሕግ ነው፣ እኔው ካፈረስኩት ሁለተኛ ማን ያምነኛል ብዬ ዋጥኩት።

ይህን ከእርስዎ መደበቅ አልቻልኩም። አይስጉ። እኔም አልሰጋም ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

የእህትዎ ልጅ

---

ታኅሣሥ 8

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን በኋላ እናደርሰዋለን።

አውርጃት። ይህ ደብዳቤ እጅሽ በገባበት ቀን፣ በዚያው ቀን አውርጃት። «ሕጋችን፣ ከረሜላዬ» እንዳትዪኝ። አባቷ እኔ ነኝ። እናቷን የቀበርኩበት እጄ ገና አልደረቀም፤ እሷን ደግሞ ለደረጃ አልሰጥም። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ሌላ የለኝም።

ሥራው መቅረት የለበትም ካላችሁ ይቀጥል፣ አልከለከልኩም። እሷ ግን አትቆምም። ሌላ ልጅ ይቁም።

አፈር ስሆንልሽ።

አጎትሽ

---

ጥር 3

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሰላም ለቤቱ ሁሉ።

መልስሽን ብጠብቅ ብጠብቅ ጠፋብኝ። ስልክ አልወድም ያልኩትን ትቼ ደወልኩ። አንቺ አታነሺም። እትዬ ታነሳና «ሁሉም ደህና ነው» ትለኛለች። እህቴን አውቃታለሁ፣ ደህና ሲሆን አንድ ሰዓት ነው የምታወራኝ፤ አሁን ሁለት ቃል ተናግራ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። ጭራሮን አገናኙኝ ስል ወይ ተኝታለች፣ ወይ ወጥታለች። ምን ሆና ነው ሁልጊዜ የምትተኛው?

ተቀይማችሁኝ ከሆነ ንገሩኝ። የጻፍኩት ደብዳቤ ጠንከር ያለ ነበር፣ አውቃለሁ። ሌላ ልጅ ያልኩት ክፉ አስቤ አይደለም፤ ደንግጬ ነው። የሰው ልጅ ይጎዳ የሚል አንጀት የለኝም። ግን ደግሞ አልመልሰውም፤ ወላጅ ስትሆኚ ይገባሻል።

ትናንት ከጋሪው ውስጥ የተማሪ ሸሚዝ አገኘሁ። በስህተት ነው የመጣው፣ እኛ አንሶላ ነው የምናጥበው። አንገትጌው ላይ የብዕር ቀለም አለ። ለብቻው በእጄ አጠብኩትና ማን ዘንድ እንደምመልሰው ጠፋኝ፤ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ሰቀልኩት። ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ።

ሒሳቡ ይቅር። ውጤትም አልጠይቅም። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

---

ጥር 20

ለአጎቴ፣

እንደ ሁልጊዜው በምርቃት ልጀምር ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። አስቀድሞ ልብዎ ይረፍ፦ ጭራሮ በሕይወት አለች፤ ጭረት እንኳ አልነካትም። ከዚህ በታች ያለውን ተቀምጠው ያንብቡት።

ደብዳቤዎ ዓርብ ጠዋት መነጽር ቤት ደረሰኝ። ደንበኛ ፊደል የሚያነብበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ከሰዓት ትምህርት ቤት ስደርስ የመጨረሻው ደወል ሊደወል ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጆቹ ደረጃው ሥር ተሰብስበው ጭራሮ ቦታ ቦታቸውን ትነግራቸዋለች። እኔ ከረሜላዬን ጎርሻለሁ። ደብዳቤዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቀና ብዬ መታጠፊያውን አየሁት፤ የሷን ቀጭን እግሮች አየሁ፤ ከረሜላውን ቆረጠምኩት። ድምፁን ሁሉም ሰሙትና ዞሩ።

«አንቺ ዛሬ አትቆሚም» አልኳት።

«ለምን?»

«አባትሽ ከልክሎሻል።»

«እና ማን ይቁም?»

ጋሼ፣ እዚህ ላይ «ማንም አይቁም» ማለት ነበረብኝ። ወይ «እኔ እቆማለሁ» ማለት ነበረብኝ። ሁለቱም በኋላ ነው የመጡልኝ። በዚያች ሰዓት ግን ፈርቼ ነበር፣ አፌ ላይ የነበረው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። እንዳለ ተናገርኩት። «ሌላ ልጅ ይቁም» አልኩ።

ጭራሮ እንደ መሪ ሳይሆን እንደ ልጅ አቀረቀረች። ሳቂታ ያን ሳቋን ለቀቀችው። «ሌላ ልጅ ማለት እኔ ነኛ!» ብላ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች።

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው መውረድ ጀመረ። ሰልፉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ከሥር አቧራ መፍሰስ ጀመረ፣ እንደ ሌላው ቀን አይደለም፣ እንደ ዱቄት ነው የወረደው። ሳቂታ ክንዷን ዘርግታ «ተመለሱ!» ብላ ጮኸች። ሁልጊዜ ስለምትቀልድ የቀለደች መሰላቸው። ሁለተኛ ስትጮኽ ድምፅዋ ሌላ ሆነባቸውና ወደ ላይ ሸሹ። ከታች የነበሩት ሮጠው ወደ ግቢው ወጡ። መታጠፊያው እሷን ብቻ ይዞ ወረደ።

በሕይወት አለች። ወገቧ ተጎድቷል፣ እግሮቿን አታንቀሳቅስም። ሐኪሞቹን ስንጠይቅ «እንጠብቅ» ነው የሚሉን። ከእሷ በቀር አንድም ልጅ አልተጎዳም።

ጭራሮ ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ ሆስፒታል ሄዳ ትመለሳለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስልክ ሲደውሉ ተኝታለች የተባለው ውሸት አልነበረም። እናቴን «ደህና ነው በይው» ያልኳት እኔ ነኝ። የዓርቡን ቡድንም ትቻለሁ። ልጆቹን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?

በእርስዎ አልፈርድም። ቃሉን እርስዎ ጻፉት፣ ልጆች ፊት ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።

የእህትዎ ልጅ

---

የካቲት 9

ለእህቴ ልጅ፣

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሌላ ሰው አልናገረውም። ደብዳቤሽን ከፍቼ «ጭረት አልነካትም» የሚለው ላይ ስደርስ «ተመስገን» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ወደ ታች አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ ያቺን ተመስገን ወዴት እንደምመልሳት ጠፋኝ። ገና አፌ ውስጥ አለች።

ሥራ ገብቼ አንሶላ ሳጥፍ አንዱን ሦስት ጊዜ አጥፌ ፈታሁት። ስንት ዓመት ይኼ አንሶላ የማን ይሆን እያልኩ አሰብኩ፤ አሁን የማን እንደሆነ የማውቀው አንድ አለኝ።

ለሳቂታ አባት ልጽፍ ጀምሬ ደጋግሜ ቀደድኩት። ምን ይባላል? እግዜር ይማርልህ ልበለው? መጥተው እግሩ ላይ ይውደቁ ትዪኝ ይሆናል። ፈቃድ ብጠይቅ ይሰጡኝ ይሆናል፣ አልጠየቅሁም። የሰውየውን ዓይን ማየት እፈራለሁ። ይኸው፣ አጎትሽ ይኼ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ጭራሮን ከዚያ ትምህርት ቤት አውጪልኝ። ፎቅ የሌለው፣ ቡድን የሌለው፣ ማንም መሪ ሁኚ የማይላት ቦታ አስገቢልኝ። መጥፎ አባት በሉኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ትኑርልኝ።

አጎትሽ

---

መጋቢት 3

አባዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ነኝ፣ ጭራሮ። ከረሜላ የመጨረሻውን ደብዳቤህን ሰጠችኝና «ይህን የምትመልሺው አንቺ ነሽ» አለችኝ። አሁን እንነጋገራለን፣ አትጨነቅ።

ሳቂታ ትናንት የቀኝ እግሬን አውራ ጣት አንቀሳቀስኩ አለች። እኔ አላየሁም። አየሁ አልኳት።

ትምህርት ቤት አልቀይርም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ሕንፃው በወዲያኛው ጫፍ ተቆልፎ የኖረ ሌላ ደረጃ አለው፤ አሁን ሁሉም ሰው በሱ ነው የሚወርደው፣ እሱም መነቃነቅ ጀምሯል። ከቡድኑ እንደ ድሮው ቆመን እናሳልፍ ያሉ ነበሩ። እኔ እምቢ አልኩ። ከእንግዲህ ማንም አይቆምበትም፣ ማንም አይወጣበትም አልኩ። ዓርብ ስንወስን ከረሜላ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ከረሜላዋን ጎርሳለች። ስናወራ እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ግን አልቆረጠመችውም።

ሰኞ ጠዋት እኛ አሥራ አንዳችን ደረጃው ሥር ተቀመጥን። ከዚያ ክፍላችን ተቀመጠ። ከዚያ ፎቅ ላይ የሚማረው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። መምህሮቹ ወንበር እያወጡ እዚያው አስተማሩን። ረፋዱ ላይ ርዕሰ መምህሩ መጥቶ «መሪያችሁ ማን ነው?» አለ።

አባዬ፣ ዝም ብዬ ልቀመጥ ነበር። ፈርቼ ነበር። ግን ቆየሁ ማለት ሌላ ልጅ ይነሳል። እሱ ይበልጥ አስፈራኝና ተነሳሁ።

«ወላጅ ይዘሽ ነይ፣ አለዚያ እዚህ ግቢ እግርሽ አይረግጥም» አለኝ። ከረሜላ እኔ ልሂድላት ብላ ጠይቃው ነበር፤ «አሠልጣኝ አላልኩም፣ አባት ወይ እናት» አላት። አክስቴን ጉልበቷ አያስኬዳትም። አንተ ደግሞ ሩቅ ነህ፣ መምጣትም ትፈራለህ። አልተቀየምኩህም። እኔም እፈራለሁ፣ ካንተ ነው የወረስኩት።

ይህን ለሳቂታ ስነግራት አባቷ አልጋው ማዶ ተቀምጦ ፒጃማዋን ያጣጥፍ ነበር። ያንተን ቃል ያውቃል። ሳቂታ ነግራዋለች፤ እየሳቀች ነው የነገረችው። ልብሱን አጥፎ ጨረሰ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ። ከዚያ «ወላጅ ነኝ ብዬ እኔ እሄድልሻለሁ» አለኝ።

አባዬ፣ እንዳትቆጣ። ሌላ አባት ይቁምልኝ ብዬ ሰው አልለመንኩም። ራሱ ነው ያለው።

ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኛለን ተባብለናል። በጣም ፈርቻለሁ።

ልጅህ